ነጩ ግድግዳ፣ ጥቁሩ ወለልና አያቴ

አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ የምትሠራው የግድግዳ ቀለምና የወለል ንጣፍ በሚሸጥ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ነው። ሥራሽ ምንድነው ብላችሁ ብትጠይቋት «ማሳያ ክፍል ነው ያለሁት» ትላችኋለች። አልዋሸችም፤ ማሳያ ክፍሉን የምትወለውለው እሷ ናት። ቀኑን ሙሉ ማንም የማይኖርበትን ቤት ስታጸዳ ትውልና፣ ማታ ሰው ወደሚኖርበት ወደ ቤታችን ስትመለስ አፍንጫዋ ይሰበሰባል። ለዚህ ነው ካታሎግ ብዬ የሰየምኳት። ፊት ለፊት ግን አክስቴ ነው የምላት፤ ምላስ አለኝ እንጂ ጨርቄን አልጣልኩም።

አንድ ቀን ታዲያ ከሱቁ መጽሔት የተገነጠለ ገጽ ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በመዳፏ አለሰለሰችው። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋዋን እንደያዘች መጥታ አየችው። እኔም ከትከሻዋ በላይ አጮለቅሁ። ነጭ ግድግዳ። ጥቁር ወለል። መሃል ላይ አንድ ወንበር፣ ጥግ ላይ ብርጭቆ ውስጥ የተሰካ አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ። ሌላ ምንም የለም።

«ተዘርፈው ነው?» አልኩ።

«አንቺ ምላስ!» አለች እናቴ። ምላስ ያለችው እኔን ነው፤ በወጣልኝ ስም የምትጠራኝ ስታመም ብቻ ነው።

«ዘመናዊ ማለት ይሄ ነው» አለች አክስቴ። «ነጩ ቤቱን ያሰፋዋል፣ ጥቁሩ ደግሞ ግርማ ሞገስ ይሰጠዋል።»

«ካሰፋውማ የጎረቤት አጥር እንዳንገፋ።»

ነገሩ ቶሎ ወጣ። አክስቴ ለካ ሥራ አስኪያጇ ፊት «የኛም ቤት እኮ እንዲሁ ነው» የምትል ቃል አምልጣታለች። ሴትየዋ ደግሞ ሰምታ ዝም አላለችም፤ «እንግዲያው አንድ ቅዳሜ ጎራ ብዬ አየዋለሁ» አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ውሸቱን ይደብቃል፣ ወይ ታመምኩ ብሎ ይተኛል። አክስቴ ግን ውሸቷን ቀለም ቀብታ እውነት ልታደርገው ቆረጠች።

እናቴስ? እናቴ እዚሁ ቤት ተወልዳ፣ እዚሁ አግብታ፣ እዚሁ እኔን ወልዳ፣ ግድግዳው ከታች አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ ከላይ ድሮ ክሬም የነበረ ጭስ ከመሆን ሌላ ሲሆን አይታ አታውቅም። ሥዕሉን አንስታ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ ነገር እንጃ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ያኔ ነገሩ እንዳለቀለት ገባኝ።

አባቴ ከጋራዥ ሲመጣ ተነገረው። መካኒክ ነው፤ ግራሱ ከጥፍሩ ሥር የሚወጣው ጥፍሩ ሲወልቅ ብቻ ነው። «ነጭ?» አለ። መዳፎቹን ገልብጦ አያቸውና ሊታጠብ ወጣ። በሚስቱ አባት ቤት የሚኖር ወንድ ድምፁ የሚሰማው ሲያስነጥስ ነው።

የሚስቱ አባት ማለት አያቴ ነው፤ ቤቱም የሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ በእረፍት ቀኑ ብሎኬት በብሎኬት ላይ እየደረደረ የሠራው ነው። አሁን ዓይኑ ጭጋግ ለብሷል። ሰው ሲጠጋው ጥላ፣ መስኮት ሲከፈት ብርሃን፣ ወይ ነጣ ያለና ጠቆር ያለ፣ ከዚያ ውጪ ምንም አይለይም። ግን ማንም አይመራውም! ጠዋት ከአልጋው ይነሳና ቀኝ እጁን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ጉዞ ይጀምራል። መጀመሪያ የመኝታ ቤቱ መቃን፤ ቀጥሎ መስታወቱ የተሰቀለበት ሚስማር፤ ቀጥሎ እሱ «ኩርባው» የሚለው ወፍራም ስንጥቅ፤ ከዚያ የመብራት ማብሪያው፣ ከዚያ በሩ። በዚያ መስመር ላይ አረንጓዴው ቀለም ከእጁ ብዛት እንደ ጫማ ያብለጨልጫል። ደጅ አግዳሚ ወንበር አለች፤ ጓደኛው ጡረተኛው ዘበኛ እዚያ ይጠብቀዋል። ሁለቱ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲያሙ ይውላሉ፤ አንዱ ያያል፣ ሌላው ይተነትናል።

አንዴ ዝናብ ጥሎ እጁን ልይዘው ብል ገፈተረኝ። «እኔ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጭኜ ገደል ለገደል የነዳሁ ሰው፣ በገዛ ሳሎኔ በመሪ ልሂድ?» አለኝ። መንጃ ፈቃዱን ወስደውበታል፣ ጋዜጣውን ዓይኑ ወስዶበታል፣ ሚስቱን ሞት ወስዶበታል። ከአልጋው እስከ ደጁ ያለችው መንገድ ግን የራሱ ነበረች።

«ስለ ቀለሙ አባባን አንጠይቀውም?» አልኳቸው።

«አያይም! ምን ብለን ነው የምንጠይቀው?» አለች አክስቴ።

ከዚያ የነጭ ጦርነት ተጀመረ። አክስቴ ከሱቅ የነጭ ናሙና ይዛ መጣች፤ ለካ ነጭ ዘመደ ብዙ ነው። የወተት ነጭ አለ፣ የበረዶ ነጭ አለ፣ የአጥንት ነጭ የሚባልም አለ።

«አጥንት?» አለች እናቴ። «ቤቴን አጥንት ልቀባ? ሰው አልሞተብኝ!»

«የቀለም ስም ነው እኮ፣ እታለም። ሀብታሞቹ እሱን ነው የሚወስዱት።»

«ሀብታም ሬሳም ቢቀባ ያምርበታል። እኔ ወተቱን ነው የምፈልገው።»

ተኮራረፉ። አባቴ እንዲዳኝ ተጠራ። ናሙናዎቹን በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ ወደ ብርሃን አዞራቸውና፣ «ሁሉም ነጭ ነው» አለ። ራቱን ብቻውን በላ። በመጨረሻ ወተቱ አሸነፈ፤ ከወተቱ በቀር ናሙናዎቹ ሁሉ የአባቴ ጣት ስላረፈባቸው የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

ቀለም ቀቢው መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። መጀመሪያ ሚስማሩን ሁሉ ነቀለ። ከዚያ ስንጥቁን በስቱኮ ደፈነና በብርጭቆ ወረቀት አሸው፤ ግድግዳው እንደ ሕፃን ጉንጭ ለሰለሰ። አያቴ ደጅ ሆኖ የመዶሻውን ድምፅ ሲሰማ አንገቱን አቀና።

«ምንድነው የምትነቅሉት?»

«ሚስማር ነው አባባ» አልኩት።

«የትኛውን?»

«ሁሉንም።»

«ኩርባውንስ?»

«ደፈኑት።»

ዘበኛው ስለ አንድ መንገደኛ ኮፍያ እያወራለት ነበር፤ አያቴ ያን ቀን ኮፍያውን አልተነተነም።

ለእውነቱ፣ ሲያልቅ አምሮ ነበር። ለግማሽ ቀን አምሮ ነበር። እናቴ መሃል ቆማ ዞር ዞር ስትል፣ ሙሽራ የዳረች እንጂ ግድግዳ ያስቀባች አትመስልም። ከዚያ አያቴ ከደጅ ገባ። እጁን እንደ ልማዱ ግድግዳው ላይ አሳረፈና ማብሪያውን አልፎ ኩርባውን መፈለግ ጀመረ። የለም። መዳፉን ወደ ላይ ወሰደ፣ የለም፤ ወደ ታች አወረደ፣ የለም። ሚስማሩንም ፈለገ። ግራ እየተጋባ፣ እያሻሸ፣ እየዳበሰ መኝታ ቤቱ ደረሰ። ከኋላው የአግዳሚዋ አቧራ፣ የበሩ እጀታ ዝገት፣ አምስቱም ጣቶቹ ከዳር እስከ ዳር ወተቱ ላይ ተጽፈው ቀሩ።

የእናቴን ጩኸት ጎረቤት ሰምቶ ሌባ መስሎት ወጣ።

በእርጥብ ጨርቅ ስታብሰው ባሰበት፤ ጭረት የነበረው ደመና ሆነ። ቀለም ቀቢው ተመልሶ መጥቶ በላዩ ደረበበትና፣ «እመቤቴ፣ ይሄ የውሃ ቀለም ነው፣ መነካት አይወድም» ብሎ ሄደ። ግድግዳ መነካት ካልወደደ ሌላ ምን ሥራ አለው? አልጠየቅኩትም፤ እናቴ ፊቷ ልክ አልነበረም።

በማግስቱ ሕግ ወጣ። ግድግዳ መደገፍ የለም። አባቴ ጋዜጣ አንጥፎ መሃል ይቀመጣል፣ ሲነሳ ጋዜጣው አብሮት ይነሳል። ለአያቴ ደግሞ እናቴ ከልብስ ሳጥን ውስጥ አንድ ነጭ ካልሲ አመጣች።

«አባባ፣ እጅህን ስጠኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«ካልሲ ላጥልቅልህ። ግድግዳውን እንዳታቆሽሽብኝ።»

አያቴ ትንሽ አሰበ። «እጄ እግር ሆነ እንዴ፣ ልጄ?»

«ምን አለበት? ቤት ውስጥ ነው፣ ማን ያይሃል?»

«እኔማ ራሴንም አላይ። ግን በዚህ ነገር እኮ ምንም አይሰማኝም። በካልሲ መሪ የጨበጠ ሹፌር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አጠለቀችለት። ሴት ልጁ ስትለምነው እምቢ ማለት አይችልበትም፤ እሷም ታውቃለች። ከዚያ ወዲያ ነጭ ካልሲውን ወደፊት ዘርግቶ ሲሄድ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሆነ፤ ግን ሄደ። ሁለት ሦስቴ በሩን ስቶ መስኮቱን ሊወጣበት ሞከረ እንጂ፣ ሄደ።

ነገሩን የጨረሰው ወለሉ ነው።

በጥቅል የሚሸጥ፣ እንጨት መስሎ የተሠራ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ሱቁ ውስጥ «የተቃጠለ ዋንዛ» ነው የሚባለው አለች አክስቴ። የተቃጠለ ቤት ማየት የፈለገ ሰው ምን ያህል ቢጠግብ ነው? ጥቁር ወለል ቆሻሻ አያሳይም ያለው ሰው ደግሞ መጥረጊያ ጨብጦ የማያውቅ ነው። አቧራው ይታያል፣ ፀጉሩ ይታያል፣ የጠብታ ውሃ ምልክት ይታያል፤ ዝንብ አርፋ ብትነሳ ያረፈችበት ይታያል። እኔ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ጀምሮ የቤቱ መጥረጊያ በኔ እጅ ስለሆነ፣ ዘመናዊነት ምን ማለት እንደሆነ በወገቤ ነው የተማርኩት።

ጥቁሩ በተነጠፈ ማግስት ጠዋት አያቴ ካልሲውን አጥልቆ ከአልጋው ተነሳ። መኝታ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። አንድ እግሩን አነሳ፣ አየር ላይ ትንሽ አቆየው፣ መለሰው። እንደገና አነሳ። መለሰው።

«እዚህ ጋ ማነው የቆፈረው?» አለ።

«ምኑን አባባ?»

«ጉድጓዱን!»

አክስቴ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እናቴ ግን አልሳቀችም። «አባባ፣ ወለል ነው። አዲሱ ወለል ነው፤ ጥቁር ስለሆነ ነው።»

«እሺ» አለ። እግሩን አነሳ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። እግሩ አልወረደም። ተመልሶ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ወደ ደጅ የሚወጣው እኔ ወይ አባቴ ስንይዘው ብቻ ሆነ። አባቴ ከገዛ ልጆቹ በላይ ይጨነቅለታል፤ «አባባ፣ እኔን ይደገፉኝ» እያለ በክርኑ ነው የሚይዘው፣ እጁ ግራስ ስለሆነ። ድሮ አያቴ ከአልጋው ሲነሳ ለቀልድ «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮህ ነበር። አሁንም ይላል፤ ግን ሰው እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ ነው የሚለው፣ ያውም ቀስ ብሎ። ዕድሜ ልኩን ሹፌር ሆኖ ኖሮ ተሳፋሪ ሆነ። ዘበኛው ደጅ ብቻውን ተቀምጦ የሚያየውን የሚተነትንለት አጣ።

አክስቴ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራት። ወጥ ቤት ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለእናቴ ስታወራ በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋት።

«ቅዳሜ ሴትየዋ ትመጣለች። አባባ በር ላይ ቆሞ ‹ጉድጓድ፣ ጉድጓድ› ቢልብኝስ? ጃጅቷል እኮ፣ እታለም። ጓሮ ያለውን እቃ ቤት አጽድተን አልጋውን እዚያ እናግባለት። ሽንት ቤቱም ቅርቡ ነው፣ ወለሉም የድሮው ሲሚንቶ ነው፤ ለሱም ይመቸዋል።»

«ለቅዳሜ ብቻ ነው?»

«ለጊዜው።»

ለጊዜው የተባለ ነገር እኛ ቤት ውስጥ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። እቃ ቤቱ የከሰል ማዳበሪያና የአባቴ አሮጌ ጎማዎች ያሉበት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ከዚያ ደጅ አይታይም፤ አግዳሚዋ ጋ አይደረስም፤ ዘበኛው አይሰማም።

«እሱ በሠራው ቤት እሱን እቃ ልታደርጉት ነው?» አልኩ ብቅ ብዬ።

«ትልልቅ ሰው ሲያወራ አትግቢ!» አለች እናቴ። ተቆጣች እንጂ ዓይኔን አላየችኝም። «ምን ላድርግ? ሲወድቅብኝስ? እዚያ ቢያንስ አይወድቅም።»

አያቴ ጆሮው ጤነኛ ነው። የወጥ ቤታችን ግድግዳ ደግሞ ቀለም እንጂ ውፍረት አልጨመረም። ያን ማታ «ወራጅ አለ» አላለም።

ቅዳሜ ደረሰ። እንግዳዋ ከሰዓት ትመጣለች፤ አባቴ ከጋራዥ ሲመለስ አልጋውን ወደ እቃ ቤት ያወጣል ተባለ። እናቴና አክስቴ መጋረጃና ያንን ደረቅ ቅርንጫፍ ሊገዙ ወጡ። የደረቀ እንጨት የሚገዛ ሰው እንዳለ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። «ወለሉን እንደገና ጥረጊ፣ አባባን አደራ» ተብዬ ቀረሁ።

አያቴ ለብሶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ልብሱን በላስቲክ ከረጢት አድርጎ አጠገቡ አስቀምጦታል። ማን አዘጋጅ እንዳለው አላውቅም።

«ነይ እስቲ» አለኝ። «ያ ጉድጓድ እውነት የለም?»

«የለም አባባ። ይኸው ላዩ ላይ ቆሜያለሁ።» ዘለልኩበት።

«አንቺ ቀላል ነሽ፣ ልትንሳፈፊም ትችያለሽ።» ሳቅ አለ፣ ከዚያ ሳቁን ተወው። «ጭንቅላቴስ ያውቃል። እግሬ ነው እምቢ ያለኝ። እግር ደግሞ አይመከርም።»

ወለሉን አየሁት፣ ከዚያ እሱን። «ጨለማ ውስጥ ስትነዳ እንዴት ታደርግ ነበር? ዝናብ ሲሆን፣ ምንም ሳይታይህ?»

«መስመሩን ነዋ የማየው! ነጩን መስመር። መስመር ካለ መንገድ አለ፤ ገደል ላይ መስመር የሚያሰምር የለም።»

የተረፈው ቀለም በባልዲ ሆኖ እቃ ቤት ነበር፣ የአያቴን መምጣት እየጠበቀ። አመጣሁት። ቀለም ቀቢው ብሩሹን ይዞ ስለሄደ የአባቴን የጫማ ብሩሽ አነሳሁ። ከአያቴ እግር ሥር ጀመርኩ። በጉልበቴ እየተንፏቀቅሁ፣ መዳፍ የሚያህል ስፋት ያለው ነጭ መስመር በተቃጠለው ዋንዛ ላይ አሰመርኩ፤ ከመኝታ ቤቱ በር በሳሎኑ መሃል፣ ጠረጴዛውን ዞሮ፣ እስከ ደጁ በር። ግማሽ ላይ ስደርስ እናቴ ምን እንደምትለኝ አሰብኩና ልተወው ፈለግሁ። ግን ግማሽ መንገድ ምን ያደርጋል?

«ቀለም ነው የሚሸተኝ?» አለ አያቴ ከውስጥ።

«እስኪደርቅ ጠብቅ።»

ሲደርቅ በሩ ላይ አቆምኩት። አንገቱን ቀልሶ ወደ ታች ተመለከተ። ጭንቅላቱን ወደ ግራ አዘነበለ፣ ወደ ቀኝ አዘነበለ።

«ማነው ያሰመረው?»

«ማዘጋጃ ቤት ነዋ።»

«ለዚህ ነው የተጣመመው!»

ካልሲውን ከእጁ አወለቀና ከኋላው ወረወረው። እግሩን አነሳ። አየር ላይ ቆየ። አሳረፈው። ሁለተኛውን አስከተለ። ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ መስመሩን ተከትሎ ታጠፈ፤ ሲታጠፍ እንደ ድሮው ትከሻውን ጭምር አዞረ። ደጅ ሲወጣ ዘበኛው ከአግዳሚው ብድግ አለ።

«የት ጠፍተህ ነው አንተ?»

«መንገድ ተዘግቶ ነው» አለ አያቴ።

አንዴ ሄዶ አልበቃውም። ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ሦስተኛውን ጉዞ ከአልጋው ሊጀምር ሲል ነው ደጅ የአክስቴን የሱቅ ድምፅ የሰማሁት። የሱቅ ድምፅ ማለት በአፍንጫ በኩል የሚወጣው ነው። ሥራ አስኪያጇን መንገድ ላይ አግኝተዋት ኖሯል፤ ከሰዓት የተባለችው ሴት ከቀትር በፊት መጣች። ኋላቸው አባቴ አለ፣ አልጋ ሊሸከም ቶሎ የወጣ።

እናቴ በሩን ከፈተችና መስመሩን አየች። ፊቷ ከወተት ነጭ ወደ አጥንት ነጭ ሲለወጥ በዓይኔ አየሁ፤ ለካ ልዩነት አላቸው። አክስቴ ደረቁን ቅርንጫፍ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። እኔ የተቀባ እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ።

ሥራ አስኪያጇ ገባች። ግድግዳውን አየች፣ «እህ፣ ነጭ» አለች። ወለሉን አየች፣ «ጥቁር» አለች። እንደ ደከማት ሰው ነው ያለችው፤ ቀኑን ሙሉ ስትሸጠው የምትውለውን ነገር በእረፍት ቀኗ ልታይ መጥታ። ከዚያ ዓይኗ መስመሩ ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድነው?»

ያን ጊዜ ነው አያቴ ከመኝታ ቤቱ የወጣው። አንድ እጁን ኋላው አድርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ መስመሩን ይዞ መጣ። ጥላችንን ሲያይ ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ።

«ደህና አረፈዳችሁ? ዳር ያዙልኝ» አለ።

አባቴ እጁን ምንም እንዳይነካ ወደ ላይ ሰቅሎ እንደ ምርኮኛ ወደ ጎን ተንሸራተተ። ሥራ አስኪያጇም አፏን ከፍታ መንገዱን ለቀቀች። አያቴ በመሃላችን አልፎ ጠረጴዛውን ዞሮ ወጣ።

«አባባ፣ እንደምን አረፈዱ? ይረጋጉ እንጂ፣ አይቸኩሉ!» አለች አክስቴ ዘግይታ። አባቷን አንቱ ስትል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አያቴም ሌላ ሰው መስሎት አልመለሰም።

«በጣም ድንቅ ነው!» አለች ሥራ አስኪያጇ። ጎንበስ ብላ መስመሩን በጣቷ ነካች። «ሁሉም ቤት ነጭና ጥቁር፣ ነጭና ጥቁር ሆኖ ሰልችቶኝ ነበር። ይሄ ግን... እኛ ሱቅ እንኳ የለም! ማነው የሠራው?»

አክስቴ ቅርንጫፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ልዩ ትዕዛዝ ነው።»

«መጣመሙ ራሱ! ታስቦበት እንደሆነ ያስታውቃል።»

«አዎ፣ ሆን ብሎ ነው» አለች እናቴ። በሕይወቷ እንዲህ ፈጥና ዋሽታ አታውቅም።

«ባለሙያውን አገናኙኛ። ለኔም ሳሎን እፈልገዋለሁ።»

«ውይ፣ አሁን እኮ ውጭ አገር ሄዷል» አለች አክስቴ።

«መቼ ነው የሚመለሰው?» አልኩ እኔ፣ በትሕትና።

የአክስቴ ዓይን ቢበላ ኖሮ አጥንቴም አይተርፍም ነበር።

ሴትየዋ ስትወጣ ደጅ ላይ ቆማ አያቴን ተመለከተችውና ለአክስቴ በሹክሹክታ፣ «እኚህ ሽማግሌም ከወለሉ ጋር እንዴት ይሄዳሉ!» አለቻት። እሷ ከሄደች በኋላ ስለ እቃ ቤቱ ያነሳ የለም። አባቴ አልጋው የት ይሁን ብሎ ሲጠይቅ እናቴ «የምን አልጋ?» አለችው፤ እሱም መጠየቁን እንደ ጥፋት ቆጥሮ ወደ ጓሮ ሄደ። አያቴ በገዛ ቤቱ የቀረው ባለቤት ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። አባት ስለሆነም አይደለም። ከወለሉ ጋር ስለሚሄድ ነው።

እኔንም የተቆጣኝ አልነበረም። ለመቆጣትማ መጀመሪያ እኔ እንደሠራሁት ማመን ነበረባቸው፤ ባለሙያው ደግሞ ውጭ አገር ነው። አክስቴ ሁለት ጎረቤት ጠርታ መስመሩን አስጎበኘች። ለአንዷ «አሁን የመጣ ፋሽን ነው» ስትል፣ ለሌላዋ «ድሮም የነበረ ነው፣ ተመልሶ መጥቶ ነው» አለች።

የውሃ ቀለም ፕላስቲክ ላይ እንደማይጸና ግን ማናችንም አላወቅንም። ሳምንት ሳይሞላው መስመሩ እንደ ፀሐይ የበላው ቆዳ መላጥ ጀመረ። በጠረግሁ ቁጥር ነጭ ቅርፊት ይነሳል። የሚላጠው ደግሞ አያቴ በሚረግጠው ላይ ነው፤ ሌላ የሚረግጠው የለማ። እናቴ ተንበርክካ መረመረችው፣ ጉልበቷን ይዛ ተነሳችና አያቴ ከመኝታ ቤቱ ሲወጣ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«አባባ፣ መስመሩን አትርገጠው፣ እያለቀብኝ ነው። ሰው ሲመጣ ምን አሳያለሁ? ጎን ጎኑን ሂድ።»

ደሜ ፈላ። አፌን ከፈትኩ። የምናገረውም ተዘጋጅቶ ነበር፤ መስመሩ ለማን እንደተሰመረ፣ ካልሲው፣ ከረጢቱ፣ ሁሉም በምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አያቴ ቀደመኝ።

«ድሮስ መስመር ላይ የሚነዳ ማን አለ?» አለ። «የሚነዳው ጎኑን ነው። ላዩ ላይ የሚሄድ ሰካራም ነው።»

ግራ እግሩን ወደ ጥቁሩ አሻገረ። አንድ አፍታ እንደገና አየር ላይ የሚቀር መስሎኝ ነበር፤ አልቀረም። መስመሩን በቀኙ አድርጎ፣ ጥቁሩን እየረገጠ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ ሄደ። እናቴ የታዘዘላት መስሏት «እግዜር ይስጥህ አባባ» ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እኔ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቀረሁ፣ ያልተነገረ ንግግር አፌ ሙሉ።

ደጅ አግዳሚዋ ስትንቋቋ ሰማሁ።

«ዛሬ እንዴት ነው መንገዱ?» አለው ዘበኛው።

«ጭር ብሏል» አለ አያቴ። «አንዲት ተቆጣጣሪ ነበረች፣ አሳለፈችኝ።»